ኮሚቴ ያልተነሳችበት ቅበላ

ሞተሬን ሰፈሩ “ኮሚቴ” ይላታል። ለመነሳት መጀመሪያ ሰው መሰብሰብ አለበት፤ ከተሰበሰበም በኋላ ብዙ ከተወራ ነው የምትነሳው። በስሙ አልተቀየምኩም። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አያንስም። በአንድ ወቅት ከብት ሊከትብ የመጣ ፕሮጀክት ትቷት ሄደ፤ ከዚያ በአንድ ቢሮ ጓሮ ዶሮ ሲያድርባት ኖረች፤ በጨረታ ስትወጣ ከእኔ ሌላ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። ሰልባትዮዋ ላይ፣ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ሆዷ ላይ፣ የላም ሥዕል ነበር። አሁን ቀንዱ ብቻ ቀርቷል።

ሥራዬ ሞተር መጠገን ነው። ያስተማረኝ ሰው የለም ብዬ አወራለሁ እንጂ ያስተማረኝስ ጓደኛዬ ያሲር ነው። እሱ ስለ ሞተር የሚያውቀው መንዳት ብቻ ነው፤ ያስተማረኝ ሞተሩን ሰጥቶኝ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት “ድምፅ አወጣችብኝ” ሲለኝ “እስቲ ልያት” አልኩት። ፈታኋት። መልሼ ለመግጠም አራት ወር ፈጀብኝ። አራቱን ወር ያሲር ከሱቁ ቤቱ በእግሩ ተመላለሰ። አንድ ቀን እንኳ “ምን ደረሰች?” አላለኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ “ሰላም ነህ?” ይለኛል፤ ከዚያ ጫማውን ያያል።

በመጨረሻ ስገጥማት ሁለት ብሎን ተረፈ።

“እነዚህስ?” አለኝ።

“ትርፍ ናቸው” አልኩት።

አመነኝ። ሞተሯም ተነሳች። ሁለቱን ብሎን በሽቦ አስሮ የቁልፉ ማንጠልጠያ አደረጋቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ያሲር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው የብሎኖቹ ቅጭልጭልታ ነው። የሚኖረው ቤንዚን በመቸርቸር ነው። ማደያው ሲደርቅ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ፣ ከወልድያ በጀሪካን አስመጥቶ በሁለት ሊትር ሃይላንድ እየቀዳ በሱቁ ደጃፍ ይደረድረዋል።

ነገሩ የሆነው በቅበላ እሑድ ነው፤ በማግስቱ ሁዳዴ ጾም ይገባል።

ሸጌ የብልባላ ልጅ ናት። የተዋወቅነው የአባቷን የወፍጮ ሞተር ልጠግን ሄጄ ነው። ወፍጮውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ነበረች። ገና ሳጥኔን ሳልከፍት “ሦስተኛው ብሎን ነው፤ ሲላላ እንዲህ ነው የሚጮኸው” አለችኝ። አንገቴን ነቅንቄ፣ እንደ ባለሙያ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሌላ ሌላውን ፈታሁ። ሦስተኛው ብሎን ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ ላገባ ነው አልኳት።

የሸጌ አባት አያ ወንዴ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። በሰው ሲልኩብኝ ነገሩ አጭር ነበር። ቅበላ እሑድ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ፣ የንስሐ አባቴ ከሽማግሎቹ ጋር ቤታቸው እንዲገቡ። በግ ይታረዳል። ከሰኞ ጀምሮ ጾም ነው፤ እሳቸው ሽማግሌ በሽሮ አይሸኙም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሌላ የሚጠይቅ አለ፤ የሰቆጣ ሰው ነው፤ አይሱዙ አለው። አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፦ ወንድ ልጅ ስለሌላቸው ሴት ልጃቸውን አይሰዱም፤ አማቻቸው ነው ብልባላ መጥቶ ከወፍጮው አጠገብ የሚቀመጥ።

እናቴ ባንችይርጋ ይህን ስትሰማ “ደግ” አለች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ስለ ብልባላ አንድ ቃል አልወጣትም። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ሁለቱ ሽማግሎች እዚያው የብልባላ ሰዎች ስለሆኑ ችግር አልነበረም። ሦስተኛው የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረ መስቀል ናቸው። ጉልበታቸው ያንን ዳገት በእግር አይሞክረውም፤ አውቶቡሱ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ ገና በማለዳ ይሄዳል። ስለዚህ እሳቸውን በኮሚቴ ጀርባ አድርሼ፣ እኔ ከመንደሩ ውጭ ልጠብቅ ነበር የታሰበው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከያሲር ዘንድ አራት ሃይላንድ ቀዳሁ። ሞተሯን አጠብኳት፣ ሞከርኳት፣ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች። ያሲር ቆሞ ሲያይ ነበር።

“ነገ ሥራ እጀምራለሁ” አለ።

“የምን ሥራ?”

“የሚዜነት። አንደኛ ሚዜህ እኔ ነኝ። ወይስ ከሰቆጣ ነው የምታስመጣ?”

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ አባ ከቅዳሴ ወጥተው ጃንጥላቸውን እንደያዙ ወደ ቤታችን መጡ። ከኋላዬ ወጡ፤ ነጠላቸውን አጣፉ። ኮሚቴ በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። በረንዳው ላይ ቆሞ ጥርሱን ሲፍቅ የነበረው ጎረቤታችን አለሜ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። አለሜ አስጎብኚ ነው። ጎብኚ ከጠፋ ወዲህ የሚያስጎበኘው ስለሌለ የሰፈሩን ሰው ሥራ እየዞረ ያያል።

“ያለ ስብሰባ ተነሳች?” አለ።

ያን ብሎ ሳይጨርስ፣ ከእሱ በር ፊት ለፊት ስንደርስ፣ ሁለት ጊዜ አሳለችና ዝም አለች።

ረገጥኩ። ረገጥኩ። ማስነሻው ተመልሶ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። አባ ከላይዋ አልወረዱም። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ዳዊታቸውን ከደረታቸው አወጡ፤ እንደዚያ ሆነው ለተመለከታቸው ሞተሯ እየሄደች ነው የምትመስለው።

“ጋሻዬ” አሉኝ ጥቂት ቆይተው።

“አቤት አባ።”

“ሰልባትዮውን አየኸው?”

“ሙሉ ነው አባ። ትናንት ነው የሞላሁት።”

“ሙሉ መሆኑንስ መች አጣሁት” አሉና ገጹን ገለጡ።

ከካንዴላው ጀመርኩ። ሞተር ካልተነሳ እሳት ወይ አለ ወይ የለም፤ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ካንዴላውን ፈትቼ አወጣሁት። እርጥብ ነበር። ጠረግኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ ብረቱ ላይ አስጠግቼ ረገጥኩ፤ ሰማያዊ እሳት ጣለ። እንግዲህ እሳት አለ። መለስኩት፣ ረገጥኩ፣ ምንም የለም። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ካልሲ እንደሚራገፍ አራገፍኩት፤ የላስታ መንገድ ግማሹ ወጣ። ምንም የለም። የመብራት ገመዱን ከኋላ እስከ ፊት በጣቴ ተከተልኩት። ደህና ነበር።

“እኔ ብሆን” አለ አለሜ፣ “ማርሚታውን አይ ነበር። ባለፈው የአንዱ ማርሚታ ውስጥ አይጥ ገብታ…”

“አለሜ።”

“ጭስ መውጫ ካጣ አይነሳም ብዬ ነው።”

ማርሚታውን አየሁ። አይጥ የለም።

“ለምን ከሥር አትጀምርም?” አሉ አባ፣ ዓይናቸውን ከዳዊቱ ሳያነሱ።

“ከየት ሥር?”

“ከሥር ነዋ። ከታች ያለውን አፍስሶ ማየት አይቻልም?”

“አባ” አልኳቸው፣ ላቤን እየጠረግኩ፣ “ቅዳሴው የእርስዎ ነው፤ ካንዴላው የእኔ።”

አለሜ ሳቀ። አባ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። “እሺ ልጄ” አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። አሁን ሳስበው፣ የዚያን ጊዜ የሚያነቡት ገጽ አልተገለበጠም ነበር።

በቁልቁለት እናስነሳት ተባለ። እኔና አለሜ ገፋን፤ አባ እላይዋ እንደተቀመጡ በሰፈሩ ቁልቁለት ወረዱ፤ መንገድ ላይ ያገኟቸው ሴቶች ከሞተር ጀርባ መስቀላቸውን ተሳለሙ። ማርሹን አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። አሳለች፤ ቆመች። ታች ደረስን። ከዚያ ያንኑ መንገድ ዳገቱን ይዘን፣ አባን ጭምር፣ እየገፋን ተመለስን። አለሜ በሕይወቱ ይህን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም።

ተመልሰን ስንደርስ እናቴ መቀመጫ ዱካ ይዛ ከግቢው ወጣች።

“አባ፣ ይውረዱ እንጂ፤ ከቅዳሴ መልስ እህል አልቀመሱ። ምሳው ደርሷል።”

“ምን ምሳ?” አልኳት። “ምሳ ብልባላ ነው።”

“ለማንኛውም ብዬ ነው” አለች። ከግቢው የዶሮ ወጥ ይሸታል። ዶሮ ወጥ በአንድ ሰዓት እንደማይደርስ የማያውቅ ሰው የለም፤ እኔ ግን የዚያን ጊዜ አፍንጫዬ ቤንዚን ብቻ ነበር የሚለይ።

ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። ለብልባላ አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። አያ ወንዴ በራቸው ላይ ቆመው ጥላቸውን ሲለኩ ታየኝ። ሸጌ ደግሞ ከወፍጮው ቤት የሞተር ድምፅ ስታደምጥ። እሷ ድምፅ ታውቃለች፤ ኮሚቴን ከሩቅ ትለያታለች። የማትሰማውንም ድምፅ ትለየዋለች ማለት ነው።

የቀረኝ ቤንዚኑን የሚመጥነው ካርቡራቶር ብቻ ነበር። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽዋ በካቻቢቴ ፈታሁና በሣርዲን ቆርቆሮ ክዳን ላይ ገለበጥኳት። የቤንዚን ጠብታ ይፈሳል፣ ይበተናል። ይህኛው አልተበተነም። እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ድብልብል ብሎ ቆመ።

አለሜ አጎነበሰ። “ውሃ ነው” አለ።

ውሃ ነበር።

“ቤንዚኑን ከማን ቀዳህ?”

ከማን እንደቀዳሁ ያውቃል።

“እኔ ምንም አላልኩም” አለ አለሜ፤ ምንም አላልኩም ሲል ሁልጊዜ የሚል ነገር አለው። “ብቻ አንተ ብልባላ ከገባህ የእሱን ሞተር ማን ይጠግንለታል? ሰው ጠጋኙን ማጣት አይወድም። ይህን ነው የምለው። ሌላ ምንም አላልኩም።”

“አለሜ፣ ዝም በል” አሉ አባ።

በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በልቤ አልፎ አያውቅም። ያን ቀን ግን ለማለፍ አልቸገረውም፤ የሚያውቀው ቤት ይመስል ዘው ብሎ ገብቶ ተቀመጠ። ትናንት ቆሞ ሲያይ የነበረው ለምን ነበር? ሥራ እጀምራለሁ ያለውስ ምን ሥራ ነው? አንድ ጊዜ “ብልባላ ሩቅ ነው” ብሎኛል። እውነት ብሎኛል። ከአንድ ዓመት በፊት ነው ያለኝ፤ ያለኝም ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ብሎኛል።

የብሎኖቹ ቅጭልጭልታ ከመንገዱ ታች ተሰማ። ያሲር ሞተሩን አቆመና ወረደ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል።

“እስካሁን እዚህ ናችሁ? እኔ እኮ ከመንገድ ልሸኛችሁ ብዬ መገንጠያው ላይ ስጠብቅ…” ክዳኑን እጄ ላይ አየና ቆመ። “ምን ሆነች?”

“አንተ ንገረኝ” አልኩት።

“እኔ ምን አውቄ?”

“ውሃ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ አይደል?” ክዳኑን ወደ ፊቱ አስጠጋሁት። ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ከየግቢው ሰው ብቅ ማለት ጀምሯል፤ ኮሚቴው ሞልቷል። “ይኸው ሚዜነትህ። ሰው ላይ ስንት ዓመት ስትቀላቅል ኖርክ? ለሌላውስ ግድ የለም። በዛሬዋ ቀን፣ በእኔ ላይ? እንዳልሄድብህ ከሆነ አትሂድብኝ አትልም? ከወንድሜ አላሳንስህም ነበር እኮ። ለካ ስታሽሟጥጠኝ ነው የኖርከው።”

ያሲር ክዳኑን አየ፤ አባን አየ፤ አለሜን አየ፤ አለሜ መፋቂያውን ይመረምር ነበር።

“ጋሻዬ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “ሰፈራችሁ ውሃ ከመጣ ስንት ቀኑ ነው?”

“አሁን ምን አገናኘው?”

“አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። እህቴ ፈትሂያ በአህያ ነው የምታስቀዳው። ውሃውን ከቤንዚኑ ይልቅ እየቆጠብን ነው የምንኖረው። ምን አግኝቼ ነው የምቀላቅልልህ?”

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያሲርም ሊያስቅ አልነበረም።

ወደ ሞተሩ ሄዶ ከኋላ የታሰረ ሃይላንድ ፈታ። “ለመልሱ ያስፈልጋችኋል ብዬ ያመጣሁት ነው። ከዚያው ከትናንቱ ጀሪካን ነው።” ወደ ፀሐይ አንስቶ አሳየኝ፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ነው። የራሱን ሰልባትዮ ከፍቶ ግማሹን ገለበጠ፤ የካርቡራቶሩንም ሥር ከፍቶ የነበረውን አፈሰሰ፤ ይህን እንኳ ከእኔ ነው የተማረው። ረገጠ። በመጀመሪያው ተነሳች። ለረጅም ጊዜ እንድትጮህ ተዋት፤ ከዚያ አጠፋት።

“አሁን ያንተን ክፈተው” አለ።

የቤንዚኑን ቱቦ ነቅዬ አንድ ባዶ ሃይላንድ በጩቤ ቆርጬ ከሥሯ ያዝኩ። መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነበር፤ ከዚያ ቤንዚን። ያሲር ከእጄ ተቀብሎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ሁላችንም ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። ቤንዚኑ ወደ ላይ ወጣ፤ ውሃው ታች ቀረ። ከውሃው በታች ደግሞ ቀስ እያለ አንድ ነገር ተኛ። ቀይ፣ ደቃቅ፣ እንደ በርበሬ የላመ አፈር።

“ይሄ አፈር ከወልድያ አልመጣም” አለ ያሲር።

ከየት እንደመጣ ሳየው ነው ያወቅኩት። በልጅነቴ ሲያተኩሰኝ ግንባሬን የምትቀባኝ እሱን ነው። ፈተና ስቀመጥ እሱን፣ ጥርሴን ሲያመኝ እሱን። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣው እመት፣ የተባረከው አፈር፣ በጠበል ተበጥብጦ ከአልጋዋ ራስጌ በሃይላንድ ይቀመጣል። ልክ እንደ ያሲር ቤንዚን፣ ሁለት ሊትር።

ወደ አባ ዞርኩ። አባ ዳዊታቸውን ዘግተው የአቡነ ዮሴፍን ተራራ እያዩ ነበር፤ ተራራው ዛሬ የተተከለ ይመስል።

“አባ፣ ያውቁ ነበር?”

“እኔን አትጠይቀኝ” አሉ።

“ያውቁ ነበር እንዴ?”

“የምነግርህ ቢኖረኝ ከሥር ጀምር አልልህም ነበር።”

እናቴ የያዘችውን ዱካ መሬት አስቀመጠችና ራሷ ተቀመጠችበት።

“እኔ ነኝ” አለች። “እሳቸውን ተዋቸው። ጠዋት በንስሐ ነግሬያቸዋለሁ። በንስሐ የተነገራቸውን ለማንም አይናገሩም።”

“ሞተሬ ውስጥ ውሃ ጨመርሽ?”

“ውሃ አይደለም፤ ጠበል ነው። ውሃ ቢሆን ኃጢአት ነበር።” ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች። “ትናንት ማታ ብቻዬን ተቀምጬ አሰብኩ። እግዜር ከፈቀደው ይነሳል፤ ካልፈቀደው አይነሳም ብዬ ለሱ ሰጠሁት። እንደምታየው አልነሳ አለ።”

“ቤንዚን ውስጥ ውሃ ከገባ እንደማይነሳ አንድ መቶ ጊዜ ነግሬሻለሁ። በየምሳው ነግሬሻለሁ።”

“ስለነገርከኝ ነዋ” አለች።

አለሜ ወደ በረንዳው አፈገፈገ።

“አባ ጠዋት ‘አሁኑኑ ሂጂና ንገሪው’ ብለውኛል” አለች እናቴ ወደ መሬት እያየች። “እሺ ብያቸዋለሁ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ልነግርህ ነበር።”

“ባንችይርጋ” አሉ አባ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሞተሯ ወረዱ፤ ሲወርዱ ጉልበታቸው ጮኸ። “እግዜርን በሰልባትዮ አትፈትኚው።”

የወለደችኝ፣ ኑዛዜ የምነግራቸው፣ አሥር ዓመት የጠገንኳት ብረት፤ ሁሉም በአንድ ሌሊት ተማክረው ያደሩብኝ መሰለኝ። በዚያ ሁሉ መሐል ያልተማከረብኝ አንድ ሰው ነበር። እሱን ነው የሰደብኩት፤ ሰፈሩ እየሰማ።

“ያሲር…” አልኩ።

የሞተሩን መቀመጫ በእጅጌው ጠረገ፤ የታጠበውን ሸሚዝ ነው የለበሰው።

“አባ፣ ይውጡ” አላቸው። “አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ጃንጥላውን ይጠፉት፤ ነፋስ ይይዘዋል።”

አባ ወጡ። በእኔ በኩል ሲያልፉ ያሲር ፍጥነት አልቀነሰም፤ አልጨመረምም። የማያውቀው ሰው መንገድ ዳር ሲቆም እንደሚያልፈው አለፈኝ። አቧራው ሲረግብ የብሎኖቹ ድምፅ ገና ከታች ይሰማ ነበር።

እናቴ ምሳ አቀረበች። መሶቡ ለሦስት ሰው ነበር የተሰናዳው። አጠገቡ ደግሞ በንጹሕ ሣህን ሽሮ ተከድኖ ተቀምጧል። እኛ ያረድነውን እሱ ስለማይበላ ያሲር በመጣ ቁጥር የሚሠራለት ነው፤ ሣህኑም የእሱ ነው፤ ሌላ ሰው አይበላበትም።

“ለሱም ሠርተሽ ነበር?”

“መሄዱ ከቀረ አብራችሁ ታሳልፋላችሁ ብዬ።”

“ሁሉን አስበሽበታል።”

“ብላ” አለች። “ከነገ ጀምሮ ጾም ነው።”

አልበላሁም። እሷም አልበላችም። ከደጅ ወጥቼ ሰልባትዮውን ነቀልኩ፣ በንጹሕ ቤንዚን ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት፣ ቱቦውን ነፋሁ፣ ካርቡራቶሩን አጠብኩ። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ረገጥኩ። ተነሳች። መንገዱ ላይ አንድ ሰው አልነበረም። ኮሚቴ ያለ ስብሰባ የተነሳችው በዚያን ሰዓት ብቻ ነው፤ የምትሄድበት ቦታ ሳይኖራት።

አሥር ሰዓት ሲሆን ተመለሱ። አባ ሲወርዱ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሷል። እናቴ በሩን ተደግፋ ቆመች።

“ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲጎድል ደርሰናል” አሉ አባ። “አያ ወንዴ በሩ ላይ ነበሩ። ‘የማን ሞተር ነው?’ አሉኝ። ‘የሚዜው ነው’ አልኳቸው። ‘እንዲህ ያለ ሚዜ ያለው ሰው መጥፎ አይሆንም’ ብለው አስገቡን። ተሰጥታሃለች። ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግማይ ትንሣኤ። ሸጌም ላከችብህ፤ ‘ድምፁ የሱ ሞተር አልነበረም፤ ምን ሆነ?’ ብላለች።”

እናቴ “ተመስገን” አለች፤ አባባሏ ሰው ዕዳውን ሲከፍል እንደሚለው ነበር። ከዚያ ወደ ያሲር ሄደች። “ልጄ፣ ና ግባ፤ ሽሮህን ላሙቀው።”

“ይስጥልኝ እማ ባንች። ጠግቤያለሁ” አላት በአክብሮት፣ ከሞተሩ ሳይወርድ። እናቴ ለፈጣሪ የተወችውን ዳኝነት ይዞ የመጣው እሱ እንደሆነ ሁለታችንም አውቀን ነበር፤ እሷ ግን ቀድማኝ ነው ያወቀችው፤ እጇ የሞተሩን መሪ አልለቅም ብሎ ሲቆይ አይቻለሁ።

ወደ እሱ ስጠጋ ሞተሩን አስነሳ። የሆነ ነገር ጎደለብኝ፤ ምን እንደሆነ የለየሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። የብሎኖቹ ቅጭልጭልታ አልነበረም።

አባ መዳፋቸውን ከፈቱልኝ። ሁለት ብሎን።

“ስጡልኝ ብሎኛል።”

“ምን አለ?”

“‘ትርፍ ናቸው’ በሉልኝ አለ። ሚዜም ሌላ ይፈልግ ብሏል።” ብሎኖቹን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አጠፉልኝ። “እኔ አልገባኝም። ይገባዋል ብሎኛል።”

ሰኞ ማለዳ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ቀን፣ አባ ዘንድ ሄጄ ንስሐ ልግባ አልኳቸው።

“ምን አድርገህ?”

“ያሲርን የተናገርኩትን አባ።”

“እሱን በንስሐ አልቀበልህም” አሉኝ። “በንስሐ የሚነገረኝን እኔ እሸሽገዋለሁ። የአንተን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ ምኑን ልሸሽገው? በምን ድምፅ ነበር የተናገርከው?”

“ከፍ ባለ።”

“በዚያው ድምፅ፣ ሰው ባለበት፣ ሂድና ንገረው።”

ሄድኩ። ሱቁ ደጃፍ ስድስት ሰባት ሰው ቤንዚን ይጠብቃል፤ አለሜም ነበር፤ ሞተር የለውም፤ ግን ነበር። ከፍ ባለ ድምፅ ተናገርኩ። ውሃው ከእኔ ቤት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያሲር የማንንም ቤንዚን ቀላቅሎ አያውቅም አልኩ። አጎንብሼ ጉልበቱን ልይዝ ስል ክንዴን ይዞ አነሳኝ፤ ሰው ፊት እንድዋረድ አልፈቀደም።

“ሰምቻለሁ” አለኝ።

“ይቅር በለኝ።”

“ይቅር ብዬሃለሁ” አለ። የምሩን ነው ያለው። ያሲር ያላለውን አይልም። “ስንት ልቅዳልህ?”

“አንድ” አልኩ።

ከተደረደሩት መሐል አንዱን ሃይላንድ አነሳ። ሊሰጠኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠኝም። ወደ ፀሐይ አንስቶ፣ እንዳየው ዝቅ አድርጎ፣ እንደገና አንስቶ ያዘልኝ።

“እየው” አለኝ።

“አያስፈልግም ያሲር።”

“እየው።”

አየሁት። ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ነው። ከዚያ ቀዳልኝ።

ጾሙ ተጋመሰ። ቤንዚን ልቀዳ በሄድኩ ቁጥር እንዲሁ ነው፤ ሰላም ይለኛል፣ የእናቴን ጤና ይጠይቃል፣ ሃይላንዱን ወደ ፀሐይ ያነሳል፣ እስካየው ድረስ ይጠብቃል። ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ለቆሙት ሳያሳያቸው ነው የሚቀዳላቸው።